የኅዳር ጢስና የተዘጋ መስኮት
(ስለ ኢንፍሉዌንዛና ስለ ሳንባ ነቀርሳ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የምናገረው ስለ ሁለት በሽታዎች፣ ስለ ኢንፍሉዌንዛና ስለ ሳንባ ነቀርሳ ነው። እኔ የባዮሎጂ ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ መድኃኒት ላዝዝላችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት እነዚህ ሁለት በሽታዎች ከሰው ወደ ሰው የሚሻገሩበትን መንገድ ለማስረዳትና፣ ይህ መንገድ በየመኝታ ክፍላችን፣ በየመማሪያ አዳራሻችንና በየአውቶቡሱ ውስጥ በገዛ እጃችን የሚጠረግ መሆኑን ለማሳሰብ ነው። ዓመተ ምሕረት ስጠራ በእኛ አቆጣጠር ካላልሁ በቀር የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ማለቴ ነው።

የኅዳር በሽታ

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ በብዙ ሰፈር ቆሻሻ ተጠርጎ በየደጁ ይከመርና ይቃጠላል። ከተማውም በጢስ ይሸፈናል። «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይህን ነው። ልማዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልማዱ የሚያስታውሰው መከራ ግን ከብዙዎቻችን አእምሮ ደብዝዟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1918፣ በእኛ አቆጣጠር በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም.፣ ያን ጊዜ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ በረታ። በከተማው ውስጥ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ቤተ ሰብ በሙሉ ባንድ ላይ ስለሚተኛ የሚያስታምም ጠፋ፤ ቀባሪም ታጣ። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ በጽኑ ታመው ድነዋል። በሽታው መኳንንትና ደሀ አልለየም። በዓለም በጠቅላላው የሞተው ሰው ቍጥር 50 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይገመታል። በዚያው ወር የተፈጸመው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንኳ ይህን ያህል ሕዝብ አልጨረሰም።

አባቶቻችን ይህን መቅሠፍት ባዩ ጊዜ «አየሩ ተበክሏል» አሉ፤ አየሩንም በጢስ ሊያነጹት ተነሡ። ዛሬ ማይክሮስኮፕ ያየን እኛ በዚህ ልንስቅ ይቃጣናል። ነገር ግን ሣቁ ተገቢ አይደለም። በመጀመሪያ ነገር፣ በዚያን ጊዜ የአውሮፓም ሐኪሞች የበሽታውን ምክንያት አላወቁም ነበር። ጀርመናዊው ሪካርድ ፋይፈር በ1892 አንድ ባክቴሪያ አግኝቶ «የኢንፍሉዌንዛ ምክንያት ይህ ነው» ብሎ ስለ ነበረ፣ ሊቃውንቱ ሲፈልጉ የኖሩት ያንኑ ባክቴሪያ ነው። እውነተኛው ምክንያት፣ ማለት የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ፣ የተገኘው በ1933 በእንግሊዝ አገር ነው። በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ አባቶቻችን የእውነቱን እኩሌታ ይዘው ነበር። በሽታው በርግጥ በአየር ውስጥ ነበረ። ያልታወቀው አየሩን የበከለው የቆሻሻ ክምር ሳይሆን የሰው ትንፋሽ መሆኑ ነው። ትንፋሽ ደግሞ በጢስ አይነጻም፤ በንጹሕ አየር ተበትኖ ይሳሳል እንጂ። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ስለ ኢንፍሉዌንዛ ጠባይ

አፍንጫው የፈሰሰውን ሁሉ «ጉንፋን ያዘው» ማለት ልማዳችን ነው። ነገር ግን ተራው ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ አንድ አይደሉም። ጉንፋን በልዩ ልዩ ቫይረሶች ይመጣል፤ ሰውን ጥቂት ቀን አስነጥሶና አስስሎ ያልፋል። ኢንፍሉዌንዛ ግን ድንገት ይጥላል። ጠዋት ደኅና ሆኖ የወጣ ሰው ማታ በትኩሳት፣ በብርድ ብርድታ፣ በራስ ምታትና በቁርጥማት ተይዞ ይተኛል። ደረቅ ሳልም ይከተለዋል። ጤነኛ ጎልማሳ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይነሣል። በሽማግሌዎች፣ በሕፃናት፣ በነፍሰ ጡሮችና የልብ፣ የሳንባ ወይም የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን ይጠነክራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ከ290,000 እስከ 650,000 የሚደርሱ ሰዎች በወቅቱ ኢንፍሉዌንዛ ሰበብ በመተንፈሻ አካል ሕመም ይሞታሉ።

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ስፋት የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥር ሺሕኛ ያህል ነው፤ በላቦራቶሪያችን ባለው ተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ለብቻው አይመገብም፤ ለብቻውም አይራባም። ወደ ጉሮሮና ወደ ሳንባ ቧንቧ ሲደርስ ሄማግሉቲኒን በሚባል ፕሮቲን ከሴሉ ላይ ተጣብቆ ይገባል፤ የሴሉን መሣሪያ ቀምቶም የራሱን ቅጂ ያሠራበታል። ቅጂዎቹ ሲወጡ ኒውራሚኒዴዝ የሚባለው ሁለተኛው ፕሮቲን ማሰሪያውን ቈርጦ ይለቃቸዋል። በጋዜጣ የምናነበው «ኤች1ኤን1» የሚባለው ስም ከነዚህ ሁለት ፕሮቲኖች የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ነው።

የዚህ ቫይረስ ትልቁ ተንኰል በአገለባበጡ ላይ ነው። በችኰላ የሚገለብጥና የጻፈውን መልሶ የማያነብ ጸሐፊ በየገጹ ስሕተት እንደሚያበዛ ሁሉ፣ ቫይረሱም ራሱን በገለበጠ ቍጥር ይሳሳታል። ከስሕተቶቹ አንዳንዶቹ መልኩን ስለሚለውጡ፣ ባለፈው ዓመት ያወቀው ሰውነታችን በዘንድሮው ላይ ይታለላል። ክትባቱም በየጊዜው የሚለወጠው ስለዚህ ነው። ከዚህ የባሰ ሌላ ጠባይም አለው። የዘር ጽሑፉ ባንድ ጥራዝ ሳይሆን በስምንት ቁራጭ የተከፋፈለ ስለ ሆነ፣ ሁለት ዓይነት ቫይረሶች ባንድ እንስሳ ሴል ውስጥ ሲገናኙ ቁራጮቹ ይደባለቃሉ፤ ሰው ከቶ የማያውቀው አዲስ ዓይነትም ይወለዳል። በ1957፣ በ1968 እና በ2009 ዓለምን ያዳረሱት ወረርሽኞች የተነሡት ከእንደዚህ ያለ ድብልቅ ነው።

በሽታው ከተጋባ በኋላ እስኪታወቅ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ ከ1 እስከ 4 ቀን ነው። ሰውየው መታመሙን ሳያውቅ፣ ከአንድ ቀን አስቀድሞ፣ ለሌላው ማጋባት ይጀምራል። በእንግሊዝ አገር በተደረገው ምርምር ጊዜ፣ ፌረት የሚባል ሸለምጥማጥ የሚመስል የታመመ እንስሳ በአንድ ተመራማሪ ፊት ላይ አስነጥሶ በሽታውን እንዳጋባው ተመዝግቧል። ሊቁ በገዛ ሰውነቱ መሰከረ ማለት ነው።

ስለ ሳንባ ነቀርሳ ጠባይ

አሁን ወደ ሁለተኛው በሽታ እንሻገር። ኢንፍሉዌንዛ ደራሽ ውሃ ነው፤ ድንገት መጥቶ ጠርጎ ያልፋል። ሳንባ ነቀርሳ ግን ምስጥ ነው። ከውጭ ሲያዩት ቤቱ እንደ ቆመ ነው፤ ውስጥ ውስጡን ግን ምሰሶው ያልቃል።

የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ሮበርት ኮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በመጋቢት ወር፣ በአውሮፓ ማርች 24 ቀን 1882፣ በበርሊን ለሊቃውንት አስታወቀ። በየዓመቱ ይህ ቀን የሳንባ ነቀርሳ ቀን ሆኖ የሚታሰበው ስለዚህ ነው። ባክቴሪያው በሰም መሰል ቅባታም ግድግዳ የተከበበ ነው። በምግባችን መፍጫ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ ሲከፈሉ፣ ይህኛው አንዴ ለመከፈል አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ዝግታው ግን ድካም አይደለም፤ ጉልበቱ ነው።

በሽተኛው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገር ወይም ሲዘምር ረቂቅ ጠብታዎች ከአፉ ይወጣሉ። ትላልቆቹ ወዲያው መሬት ላይ ይወድቃሉ። ትናንሾቹ ግን ውሃቸው በቅጽበት ይደርቅና እንደ ትቢያ ቀላል ይሆናሉ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለብዙ ሰዓት ሲንሳፈፉ ይቆያሉ። በሽተኛው ከወጣ በኋላ የገባ ሰው እንኳ ሊተነፍሳቸው ይችላል። እጅግ ትናንሽ ስለ ሆኑ አፍንጫና ጉሮሮ ሳያግዷቸው እስከ ሳንባው የመጨረሻ ከረጢቶች ይዘልቃሉ።

እዚያም የሰውነት ዘበኞች የሆኑ ሴሎች ይውጧቸዋል። ሌላውን ባክቴሪያ የሚውጡት ለመፍጨት ነው፤ ይህኛው ግን በዋጠው ሴል ሆድ ውስጥ ይኖራል። ሰውነት ሊገድለው ሲያቅተው በዙሪያው ቅጥር ያጥርበታል። ባክቴሪያው በዚያ ቅጥር ውስጥ ለዓመታት ሊያንቀላፋ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው አይታመምም፤ አያጋባምም። ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉ በዚህ ሁኔታ ተጋብቶበት እንደ ነበረ ወይም እንዳለ ይገመታል። ከነዚህም ውስጥ በዕድሜያቸው ዘመን የሚታመሙት ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። ቅጥሩን የሚያፈርሱትም የታወቁ ናቸው፤ ኤች አይ ቪ፣ የምግብ እጥረት፣ የስኳር በሽታ፣ ትምባሆና የመጠጥ ብዛት። ቅጥሩ ሲፈርስ የሳንባው ሥጋ ይቦረቦራል፤ ቀዳዳውም ከአየር ቧንቧ ጋር ይገናኛል። በዚያን ጊዜ በሽተኛው በየሳሉ ባክቴሪያውን ወደ ሌሎች ይልካል።

ምልክቶቹን ሁላችንም በቃል ልንይዛቸው ይገባል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የማታ ማታ ትኩሳት፣ ልብስ የሚያርስ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ አንዳንድ ጊዜም ደም የተቀላቀለበት አክታ ናቸው። በሽታው በሳንባ ብቻም አይወሰንም፤ በአንገት እጢ፣ በአከርካሪና በሌላም ቦታ ሊወጣ ይችላል። የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ከታመመች ላም በጥሬ ወተት ይተላለፋል፤ ስለዚህ ወተት ይፈላ።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2023 ብቻ 10.8 ሚሊዮን ሰዎች በሳንባ ነቀርሳ ታመዋል፤ 1.25 ሚሊዮን ሰዎችም ሞተዋል። ሸክሙ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ የእኛዋ ኢትዮጵያ ናት። ስለዚህ የምንናገረው ስለ ሩቅ አገር በሽታ አይደለም።

አየሩ ሲመሰክር

ከእናንተ መካከል «ይህ ሁሉ በአየር መተላለፉ በምን ታወቀ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው የተማሪ ጥያቄ ነውና ደስ ይለኛል።

በአሜሪካ አገር፣ በባልቲሞር ከተማ፣ ዊልያም ዌልስና ሪቻርድ ራይሊ የተባሉ ሊቃውንት በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ ብልሃት ፈጠሩ። የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ከተኙበት ክፍል የሚወጣውን አየር በቧንቧ ወደ ጣራው ሥር አሳረጉ። እዚያም ጊኒ ፒግ የሚባሉ ትናንሽ እንስሳት እንዲተነፍሱት አደረጉ። እንስሳቱ በሽተኞቹን አላዩም፣ አልነኩም፣ ከዕቃቸውም አልበሉም። የተካፈሉት አየሩን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ በሳንባ ነቀርሳ ተያዙ። በሌላ ክፍል ያሉት እንስሳት የተነፈሱት ያንኑ አየር ነበር፤ ነገር ግን አየሩ አስቀድሞ በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን ውስጥ እንዲያልፍ ስለ ተደረገ አልተያዙም። ከዚህ ወዲያ ክርክር አልቀረም። ደግሞም የፀሐይ ብርሃን የአልትራ ቫዮሌት ጨረር የያዘ መሆኑን አትርሱ።

ሁለተኛው ምስክር ከፔሩ ዋና ከተማ ከሊማ ነው። ተመራማሪዎች በከተማው ሆስፒታሎች የአየሩን መለዋወጥ ለክተው በ2007 አሳወቁ። በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ተለወጠ። በውድ ዋጋ የተሠራው የመኪና ማናፈሻ ግን በሰዓት 12 ጊዜ እንዲለውጥ የታቀደ ነበር። ከሁሉ የበለጡትም በጥንት ዘመን የተሠሩት፣ ጣራቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆኑት ክፍሎች ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ደሀ አገር ከባለጠጋ አገር ጋር በእኩልነት፣ እንዲያውም በብልጫ የሚይዘው መሣሪያ ቢኖር ይህ የተከፈተ መስኮት ነው። ነጻ ነው፤ መብራት ሲጠፋም አይቆምም።

ሦስተኛው ምስክር እኛው ራሳችን ነን። በ2020 ኮሮና በገባ ጊዜ ዓለም አፍንጫውንና አፉን ሸፈነ፤ ተራራቀ፤ መስኮቱን ከፈተ። በዚያን ጊዜ ኢንፍሉዌንዛ በዓለም ላይ ከቶ ታይቶ በማይታወቅ መጠን ቀነሰ። ከኢንፍሉዌንዛ ቢ ቅርንጫፎች አንደኛው፣ ያማጋታ የሚባለው፣ ከመጋቢት 2020 ወዲህ በርግጥ ተገኘ የተባለበት ጊዜ የለም። ይሁን እንጂ ያው ዘመን የኀዘን ትምህርትም ትቶልናል። በሽተኞች ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ስለ ፈሩ ሳንባ ነቀርሳቸው ሳይታወቅ ቀረ፤ የሟቾቹም ቍጥር ጨመረ።

«ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል»

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ከዚህ ከተማ አውቶቡስና ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ይህን ያውቃል። አንዱ መስኮት ሲከፍት ሌላው ከኋላ «ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል» ይላል። ከፋቹም አፍሮ ይዘጋል። ሰውየው በትሕትና ዘግቶ፣ ከጎኑ የሚያስለውን ሰው ትንፋሽ እየተካፈለ እስከ መርካቶ ይሄዳል። በመኝታ ክፍላችንም ያው ነው። ስንት ሆነን በአንድ ክፍል እንደምናድር ታውቃላችሁ፤ ማታ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፎ እናድራለን። ጠዋት ከውጭ የሚገባ ሰው አየሩ ሲከብደው እኛ ለምደነው አይሰማንም።

ብርድ አይጎዳም አልልም፤ በክረምት የአዲስ አበባ ሌሊት ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ነፋስ ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ አይወልድም፤ ከፊታችን ጠርጎ ይወስደዋል እንጂ። ለብርድ መድኃኒቱ ጋቢ ነው። ለታፈነ አየር ግን ከመስኮት በቀር መድኃኒት የለውም። እንግዲህ ጋቢያችንን ደርበን መስኮታችንን እንክፈት።

በተለይ ይህን ለእኛ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በኅዳር ጢስ የምንስቀው እኛው ነን። ነገር ግን በኢንፍሉዌንዛ ስንያዝ ምን እናደርጋለን? ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ገዝተን እንውጣለን። ይህ መድኃኒት ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ሐኪም ከኢንፍሉዌንዛው በላይ የባክቴሪያ ሳንባ ምች መጨመሩን አይቶ ካዘዘው መልካም ነው፤ በ1918 ብዙ ሰው የሞተው በዚህ ተከታይ በሽታ ነበርና። አለዚያ ግን ይህ ኪኒን የእኛ የተማሪዎቹ የኅዳር ጢስ ነው። እንዲያውም ከጢሱ ይከፋል፤ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያስተምራቸዋልና። አያቶቻችን የሚሰጡን ዳማከሴም ቫይረሱን ሲገድል አልታየም፤ ቢሆንም ቢያንስ ባክቴሪያን ተንኰል አያስተምርም።

ስለ ማፈርና ስለ መደበቅ

ከመስኮት መዘጋት የባሰ አንድ ሌላ መዘጋት አለ፤ እርሱም የአፍ መዘጋት ነው። ሕዝባችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል፤ ነገር ግን ሳንባ ነቀርሳን ያህል የሚደበቅ በሽታ ጥቂት ነው። ተማሪው «ፈተና ያመልጠኛል፣ ጓደኞቼ ይሸሹኛል» ብሎ ሳሉን በትራስ ያፍናል። ተከራዩ «ቤት ልቀቅ እባላለሁ» ብሎ ይፈራል። እናት የልጇ ጋብቻ እንዳይፈርስ ትደብቃለች። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ የሚፈሩት ነገር በርግጥ ይደርስባቸዋል። የሚያደርሱባቸውም ጎረቤቶቻቸው፣ ማለት እኛ ነን።

ስለዚህ ፍርሃታችን በእውቀት ላይ የቆመ መሆን አለመሆኑን እንመርምር። ብዙ ሰው «በዘር የሚወረድ ነው» ይላል። አይደለም። ባንድ ቤት ብዙ ሰው የሚታመመው ባንድ ጠባብ ክፍል አንድ አየር ስለሚተነፍስ ነው። «ብርጭቆውን ለዩት፣ እጁን አትጨብጡት» የሚልም አለ። ሳንባ ነቀርሳ በብርጭቆና በመጨባበጥ አይተላለፍም። ብርጭቆ ለይቶ መስኮት መዝጋት ማለት፣ ሌባው በበር ሲገባ ጣራ እንደ መጠገን ነው። ደግሞም በሽተኛው ባክቴሪያውን የሚገድለውን ትክክለኛ መድኃኒት ከጀመረ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ማጋባቱን ያቆማል። እንግዲህ የሚያስፈራው መድኃኒት የሚወስደው ሰው ሳይሆን፣ እኛን ፈርቶ ያልታከመው ሰው ነው። ጎረቤት ሲያሳፍር በሽታውን ከራሱ የሚያርቅ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ወደ ራሱ ይጠራዋል።

በዚህ ነገር ሕንድ አገር የተደረገ ምርምር አለ። በ1956 በማድራስ ከተማ የሳንባ ነቀርሳ ድሆች በሽተኞች በሁለት ተከፈሉ። እኩሌቶቹ በሳናቶሪየም መልካም ምግብና ዕረፍት አግኝተው ታከሙ። እኩሌቶቹ በተጨናነቀው ቤታቸው ሆነው ያንኑ መድኃኒት ወሰዱ። ውጤቱ በ1959 ሲታወቅ በቤታቸው የታከሙት ከሞላ ጎደል እንደ ሌሎቹ ድነው ተገኙ። ቤተ ሰቦቻቸውም ከሌሎቹ ቤተ ሰቦች ይልቅ አልታመሙም። በሽተኛውን ከሰው መካከል ማባረር አስፈላጊ አለመሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። በእኛም አገር በእንጦጦ ሥር ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የነቀርሳ በሽተኞች ማረፊያ ነበረ። ዛሬ ግን አብዛኛው በሽተኛ በቅርቡ ካለ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን በነጻ እየወሰደ ከቤቱ ይድናል።

መድኃኒቱን ስለ መጨረስ

የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት መድኃኒቶች፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለት ይወሰዳሉ። «ስለ ምን ይህን ያህል ብዙ፣ ይህንስ ያህል ረጅም?» ትሉ ይሆናል።

ብዙ የሆነበት ምክንያት ሒሳብ ነው። ከአንድ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች አንዱ ያህል በተፈጥሮው አይሶናያዚድን ይቋቋማል፤ ከመቶ ሚሊዮን አንዱ ያህል ደግሞ ሪፋምፒሲንን ይቋቋማል። በታመመ ሳንባ ውስጥ መቶ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ባክቴሪያ ሊገኝ ስለሚችል፣ አንዱን መድኃኒት ብቻ ብንሰጥ የሚተርፍ አይጠፋም፤ የተረፈውም ይራባል። ሁለቱን በአንድነት የሚቋቋም ግን ከመቶ ትሪሊዮን አንድ ነው፤ ይህን ያህል ባክቴሪያ በአንድ ሰው ውስጥ አይገኝም። በ1940ዎቹ ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን በተሰጠበት ዘመን በሽተኞች መጀመሪያ ተሽሏቸው ኋላ የታመሙት ስለዚህ ነበር። ረጅም የሆነበት ምክንያት ደግሞ፣ መድኃኒት የሚገድለው የነቃውን ስለ ሆነ፣ ያንቀላፉት እስኪነቁ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ፈተናው የሚመጣው በሁለተኛው ወር ላይ ነው። ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ ሳሉ ቆሟል፣ ሰውነቱ ሞልቷል። በሽተኛውም «ድኛለሁ» ይላል፤ ያቆማል። የቀሩት ባክቴሪያዎች ይነሣሉ፤ በዚህን ጊዜ ግን መድኃኒቱን የለመዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን የለመደውን ነቀርሳ የሚተነፍስ ጓደኛ በሽታውን ሲጀምር በከባዱ ይጀምራል። ለዚህም አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ፤ ነገር ግን ይከብዳሉ፣ ይወደዳሉ፣ ሕመምም ያስከትላሉ።

ይሁን እንጂ ያቋረጠውን ሁሉ ሰነፍ ማለት አይገባም። መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ የመሄጃው የታክሲ ዋጋ ግን በነጻ አይደለም። የዕለት ሠራተኛ ጤና ጣቢያ ሲመላለስ የዋለበት ቀን እንጀራ የማይገኝበት ቀን ነው። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። ስለዚህ በሽተኛውን ከመውቀስ በፊት ምሳውን ማን እንደሚያካፍለው፣ የክፍል ማስታወሻውን ማን እንደሚገለብጥለት መጠየቅ ይቀድማል።

ምን እናድርግ

ነገሬን በጥቂት ነጥቦች ላጠቃልል።

አንደኛ፣ የየክፍላችን መስኮት ትይዩ ለትይዩ ይከፈት። ይህን የሚከታተል አንድ ሰው በየመኝታ ክፍሉ በተራ ይመደብ። በአውቶቡስም የከፈተውን ሰው ከማሳፈር እንደግፈው።

ሁለተኛ፣ በኢንፍሉዌንዛ የተያዘ ሰው ትኩሳቱ ሳይበርድ ወደ አዳራሽ አይምጣ፤ ጓደኞቹም ማስታወሻ ያድርሱለት። የሚያስል ሰው አፉን በክርኑ ይሸፍን ወይም ማስክ ያድርግ። ትንፋሽ ያጠረው፣ ደረቱን የወጋው፣ ወይም ተሽሎት ሳለ እንደ ገና ያተኰሰው ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይይ። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለብዙው ሕዝባችን ገና አይዳረስም፤ ሊያገኝ የሚችል ሽማግሌ ወይም ነፍሰ ጡር ግን ቢወስድ ይጠቅመዋል።

ሦስተኛ፣ ሁለት ሳምንት ያሳለ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ባለበት ቦታ የአክታው ምርመራ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። በክንዳችን ላይ ያለችውን የቢሲጂ ጠባሳ ተማምነን አንቀመጥ። ያ ክትባት ሕፃናትን ከከባዱ ዓይነት፣ በተለይ ወደ አንጎል ከሚወጣው፣ ይጠብቃል፤ ለጎልማሳ የሚሰጠው ጋሻ ግን ስስ ነው። ከበሽተኛ ጋር አንድ ክፍል ያደረ ሰውም ይመርመር፤ ላልታመመው ቢሆን ያንቀላፋውን ባክቴሪያ አስቀድሞ የሚገድል መከላከያ መድኃኒት አለ።

አራተኛ፣ መድኃኒት የጀመረ ጓደኛ ቢኖር ስድስቱን ወር አብረነው እንቍጠር። ብርጭቆውን አንለይበት፤ በማዕዱም ላይ ቦታው አይጓደል።

አምስተኛ፣ የኅዳር 12 ቀን ልማድ አይቅር እላለሁ፤ ቆሻሻ መጥረግ ዝንብንና አይጥን ያርቃልና። ጢሱን ግን እንተወው፤ ጢስ የሳንባን ሽፋን ይጎዳል እንጂ አያጸዳም። በዚያ ቀን የየቤቱ፣ የየትምህርት ቤቱና የየመሥሪያ ቤቱ መስኮት እንዲከፈት፣ የተጣበቀው እንዲላቀቅ፣ የተሰበረውም እንዲሠራ ማኅበራችን ቢያሳስብ፣ ለ1911ዱ ሙታን ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ አይገኝም።

እኅቶችና ወንድሞች፤ እንጀራችንን ለየብቻ መብላት እንችላለን፤ ልብሳችንንም ለየብቻ እንለብሳለን። አየሩን ግን ለየብቻ መተንፈስ አንችልም። ከጎናችን የተቀመጠው ሰው ያስወጣውን እኛ እናስገባለን፤ እኛም ያስወጣነውን እርሱ ያስገባል። ስለዚህ የጓደኛችን ሳንባ የራሳችን ጉዳይ ነው። ስታስሉ የምትናገሩለት ሰው ይኑራችሁ፤ ሲነገራችሁም የማትሸሹ ሰዎች ሁኑ።

ከመውጣታችን በፊት ግን በግራ በኩል ያሉት ጓደኞቻችን እነዚያን ሁለት መስኮቶች እንዲከፍቱልን እለምናለሁ።